የተሰበረ መስታወትና የሲያትል ሕግ፦ ለአነስተኛ ነጋዴ የተዘረጋው አገልግሎት ሲመዘን

በሲያትል ከተማ በላቡ የከፈተውን ሱቅ ጠዋት ሊከፍት ሲመጣ የፊት መስታወቱን ተሰብሮ ያገኘ ነጋዴ ከመንግሥት በኩል የሚቀርብለት አገልግሎት በአንድ ቦታ የተሰበሰበ አይደለም። ፖሊስ ሪፖርቱን ይመዘግባል፤ ተጠርጣሪ ከተያዘ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል፤ ፍርድ ቤት ቅጣትና ካሳ ይወስናል፤ የከተማው አስተዳደር ደግሞ በጀት በያዘበት ጊዜ ለጥገና የሚሆን ድጎማ ይሰጣል። ስለ ምግብ ቤቶች፣ ስለ ጋራዦችና ስለ ገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅቶች የተጻፉ ግምገማዎችን ዘወትር እናነባለን። ታክስ የምንከፍልበትን ይህን አገልግሎት ግን ምን ይሰጣል፣ ምን ይጎድለዋል ብሎ በአማርኛ የመዘነው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ የምተዳደረው የአገራችን ሰዎች ለከፈቷቸው ሱቆች፣ እንጀራ ቤቶችና ትናንሽ ምግብ ቤቶች የሒሳብ መዝገብ በመያዝ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰ ቁጥር ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ይህን ግምገማ የምጽፈውም ከዚያ ወረቀት ተነሥቼ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሕጉ በጽሑፍ ደረጃ ጠንካራ ነው፤ ካሳን የሚመለከተው ድንጋጌም ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ለተጎጂው ያደላል። ሆኖም አገልግሎቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያንቀሳቅሰው ጉዳቱ በዶላር ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የወንጀሉ ክብደት፣ ጉዳዩ የሚታይበት ፍርድ ቤት፣ ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ የካሳው መጠን፣ የድጎማው ቼክ፣ ሁሉም በዚያ ማስረጃ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። የእኛ ሰው ደግሞ መስታወቱ ሲሰበርበት ስብርባሪውን ጠራርጎ ይጥላል፣ የሚያውቀውን ባለሙያ ይጠራል፣ በካሽ ይከፍላል፣ በማግሥቱም ሥራውን ይቀጥላል። ትጋቱን ከልቤ አከብራለሁ፤ ነገር ግን በዚህ አሠራር ሕጉ የሰጠውን መብት ሳያውቀው ያጣዋል፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው ነው።

የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ የሌላውን ሰው ንብረት አውቆና በክፋት ማበላሸትን ማሊሺየስ ሚስቺፍ በሚል ስያሜ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ጉዳቱ ከ5,000 ዶላር ከበለጠ አንደኛ ደረጃ ይሆናል፤ ይህም ክላስ ቢ ፌሎኒ (ፌሎኒ ከባድ ወንጀል ማለት ነው) ሲሆን ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት 10 ዓመት እስራትና 20,000 ዶላር መቀጮ ነው። ከ750 ዶላር በልጦ 5,000 ያላለፈ ጉዳት ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ይህ ክላስ ሲ ፌሎኒ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ከዚያ በታች ያለው ሦስተኛ ደረጃ ግሮስ ሚስዲሚነር (ከፌሎኒ የቀለለ ወንጀል) ተብሎ እስከ 364 ቀን እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ ተደንግጎለታል። እነዚህ የገንዘብ መስመሮች አሁን ያሉበት የደረሱት እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረገ ማሻሻያ ነው፤ ከዚያ በፊት 250 እና 1,500 ዶላር ነበሩ። ከ2009 ወዲህ የመስታወትም የእጅ ሥራም ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ደረሰኝ የሚያይ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ያኔ ከመስመሩ በታች ይቀር የነበረ አንድ የመስታወት በር ዛሬ ሲጠገን በቀላሉ ከ750 ዶላር በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ነጋዴ ግን «አንድ መስታወት ብቻ ነው፣ ማን ይሰማኛል» ብሎ ጉዳዩን ገና ከጅምሩ ያቃልለዋል።

በ750 ዶላሩ መስመር ወዲህና ወዲያ ያለው ልዩነት በቅጣቱ ብቻ አያበቃም። ከመስመሩ በታች ያለውን ጉዳይ የሚይዘው የሲያትል ከተማ ዐቃቤ ሕግ ሲሆን የሚታየውም በከተማው ፍርድ ቤት ነው፤ ከመስመሩ በላይ የሆነው ግን ሲያትል ወደምትገኝበት ወደ ኪንግ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግና ከባድ ወንጀሎችን ወደሚያየው የካውንቲው ፍርድ ቤት፣ ሱፐሪየር ኮርት፣ ይሄዳል። ግሮስ ሚስዲሚነር በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል፤ ለፌሎኒው የተሰጠው ጊዜ ግን 3 ዓመት ነው። በካሜራ መልኩ የታየ፣ ነገር ግን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከጊዜ በኋላ በሌላ ጉዳይ ሲያዝ ያች የአንድ ዓመት ልዩነት ዋጋዋ ከፍ ይላል።

ከሕጉ ውስጥ ለአነስተኛ ነጋዴ ትልቅ ጥቅም ያለው፣ ግን ከማይታወቁት ድንጋጌዎች አንዱ የጉዳቶች መደመር ነው። አንድ ሰው በአንድ ዕቅድ ወይም በተያያዘ ድርጊት የበርካታ ሰዎችን ንብረት ቢያበላሽና እያንዳንዱ ጉዳት ብቻውን ሲታይ ሦስተኛ ደረጃ ላይ የሚቀር ቢሆን፣ ሕጉ የጉዳቶቹ ዋጋ ተደምሮ በአንድ ክስ እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ድምሩ ሕጉ ያስቀመጠውን መጠን ካለፈም ክሱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ ሊል ይችላል። በአንድ ሌሊት ከፀጉር ቤቱ ጀምሮ እስከ ቡና ቤቱ ድረስ የመንገዱን መስታወቶች እያከታተለ የሰበረ ሰው በዚህ ድንጋጌ ሥር ይወድቃል። ነገር ግን ሊደመር የሚችለው የተመዘገበው ብቻ ነው። ከተጎዱት ሱቆች መካከል ሪፖርት ያደረጉት ሁለቱ ብቻ ከሆኑ፣ የቀሩት ጉዳት በዐቃቤ ሕጉ ፋይል ውስጥ የለም ማለት ነው። ጎረቤት ሱቆች በእንዲህ ያለ ቀን እርስ በርስ ተነጋግረው ሁሉም ሪፖርት እንዲያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የአንዱ ሪፖርት የሌላውን ጉዳይ ያጠነክራልና።

እዚህ ላይ ስለ ቅጣቱ እውነታ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። 5 ዓመት፣ 10 ዓመት የሚሉት ቁጥሮች ሕጉ የሚፈቅዳቸው ጣሪያዎች ናቸው። በዋሽንግተን የቅጣት አወሳሰን ሰንጠረዥ መሠረት ከዚህ በፊት የወንጀል ታሪክ የሌለበት ሰው በሁለተኛ ደረጃ ጥፋተኛ ሲባል መደበኛው የቅጣት ክልል ከ0 እስከ 60 ቀን፣ በአንደኛ ደረጃ ደግሞ ከ0 እስከ 90 ቀን ነው። ታሪኩ እየከበደ ሲሄድ ክልሉም ከፍ ይላል። ይህን ሳያውቅ «ሰውዬው አምስት ዓመት ይገባል» ብሎ የጠበቀ ነጋዴ የፍርዱን ውሳኔ ሲሰማ ክፉኛ ያዝናል፤ ሕጉ ያታለለው ይመስለዋል። እኔ በበኩሌ ስለ አንድ መስታወት ሰው ለዓመታት ይታሰር የሚል እምነት የለኝም። አብሬያቸው የምሠራቸው ነጋዴዎችም ቁጣቸው ሲበርድ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ መስታወቴ ይመለስልኝ፣ ድጋሚም አይደረግብኝ። አገልግሎቱን በዚህ መለኪያ ሳየው የእስራቱ ክፍል ከሚባለው ያነሰ፣ የካሳው ክፍል ደግሞ ከሚባለው የበለጠ ዋጋ አለው።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት፣ በደቡብ ሲያትል እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አንዲት እናት የደረሰባቸውን ላንሣ። የሱቃቸው የፊት መስታወት ሌሊት በድንጋይ ተመታ። መስታወቱ ሲሰበር ወደ ደቃቅ ፍንካች የሚበተን ዓይነት ስለነበር ፍንካቹ ከመደርደሪያው አልፎ በላስቲክ ታሽገው ለሽያጭ በተዘጋጁት እንጀራዎች ላይ ተረጨ፤ አፉ ክፍት ወደነበረው የበርበሬ ጆንያም ገባ። እሳቸው ከማንም በፊት ደርሰው መሬቱን ጠርገው፣ እንጀራውንና በርበሬውን በቆሻሻ ከረጢት አውጥተው ጥለው፣ መስኮቱን በኮምፔንሳቶ አሸፍነው ነበር የደወሉልኝ። ፎቶ አንሥተው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ምኑ ፎቶ ይነሣል? ደንበኛ ሳያየው ጠራርጌ ጣልኩት እንጂ» አሉኝ። ደግነቱ የጎረቤቱ ልጅ በስልኩ ያነሣቸው ጥቂት ፎቶዎች ነበሩ። ጥሩው ፎቶ ድንጋዩን ወለሉ ላይ፣ የተበላሸውን ዕቃ ከነዋጋ ምልክቱ፣ የሱቁን ቁጥርና ሙሉውን የመስኮት ክፈፍ ያሳያል፤ ልጁ ያነሣቸው ፎቶዎች ክፈፉንና ድንጋዩን ይዘው ነበር፣ የተጣለውን በርበሬ ግን አልያዙም። በርበሬው ስንት ኪሎ እንደነበር ያወቅነው ከአቅራቢው የግዢ ደረሰኝ ነው።

መስታወቱን የቀየረው ባለሙያ ሥራው ንጹሕ ነበር፤ የሰጠው ወረቀት ግን በእጅ የተጻፈ፣ ጠቅላላ ድምርና ፊርማ ብቻ ያለበት ነበር። መልሼ ስደውልለት በቅንነት ዘርዝሮ ጻፈልን፦ ለጊዜው በኮምፔንሳቶ የመሸፈን ሥራ፣ የመስታወቱ ዋጋ ከነውፍረቱና ከነመጠኑ፣ የመግጠሚያ የሰዓት ክፍያ፣ የሽያጭ ታክስ። በመስታወቱ ላይ ተለጥፎ የነበረው የሱቁ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ድርጅት የሠራው ስለሆነ ለብቻው ደረሰኝ አስፈለገው። እነዚህን መለያየት ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የጉዳቱ መጠን የሚለካው ንብረቱን ወደነበረበት ለመመለስ በሚያስፈልገው ተገቢ ወጪ ስለሆነ፣ የትኛው ወጪ እንደሚቆጠርና የትኛው እንደማይቆጠር የሚከራከሩት ጠበቆችና ዳኛው ናቸው፤ ተዘርዝሮ ከቀረበ አንዱ መስመር ውድቅ ቢደረግ ሌላው ይተርፋል። ድምር ብቻ ያለበት ወረቀት ግን ጥርጣሬ ሲነሣበት የሚነሣው በሙሉው ላይ ነው።

ወደ ሪፖርቱ ልለፍ። የሲያትል ፖሊስ ድርጊቱ አሁን እየተፈጸመ ካልሆነና ተጠርጣሪው የማይታወቅ ከሆነ የንብረት ጉዳትን በኢንተርኔት መመዝገብ ይፈቅዳል። ይህ ለአነስተኛ ነጋዴ ምቹ ነው፤ ፖሊስ እስኪመጣ ሱቅ ዘግቶ መጠበቅን ያስቀራል፣ ለኢንሹራንስም ለድጎማም የሚያገለግል የጉዳይ ቁጥር ያስገኛል። ደካማ ጎኑ ግን ቅጹ ከጻፉበት በላይ የማያውቅ መሆኑ ነው። «መስታወት ተሰበረ» ብሎ በአንድ መስመር የዘጋ ሰው ያገኘው ነገር ቁጥር ብቻ ነው። የጉዳቱን ግምት በሚጠይቀው ቦታ ላይ ባዶ ወይም እንዲያው በድፍኑ «200 ዶላር» ብሎ መጻፍ፣ እንዳልኩት፣ የወንጀሉን ደረጃ ዝቅ አድርጎ ያስጀምረዋል። ትክክለኛው ዋጋ ገና ካልታወቀ ግምቱ ጊዜያዊ መሆኑንና ደረሰኝ እንደሚከተል መጻፍ፣ ደረሰኙ ሲመጣም በዚያው ቁጥር ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ማቅረብ ይገባል። የሰበረውን ሰው የሚያውቁት ከሆነ፣ በካሜራ ላይ መልኩ በግልጽ ከታየ ወይም ድርጊቱ ገና እየተፈጸመ ከሆነ ግን በኢንተርኔት ቅጹ ፋንታ መደወል ነው፤ እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው «አማርኛ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። የራስን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም፤ ልጁም ያን መሸከም የለበትም።

መደወልን ግዴታ የሚያደርግ አንድ ጉዳይ አለ። ድርጊቱ የተፈጸመው በባለ ሱቁ ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት ወይም የትውልድ አገር ምክንያት መሆኑን የሚያመለክት ነገር ካለ፣ ማለትም የተጻፈ ስድብ፣ የተባለ ቃል ወይም በሃይማኖት ምልክት ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ከኖረ፣ የዋሽንግተን ሕግ ጉዳዩን የጥላቻ ወንጀል ያደርገዋል። ይህ ወንጀል እስከ 2019 ድረስ በሌላ ስም ይጠራ የነበረ ሲሆን፣ ንብረት ማበላሸት ሲጨመርበት የጉዳቱ ዋጋ 50 ዶላርም ቢሆን ክላስ ሲ ፌሎኒ ነው። ተጎጂው በፍትሐ ብሔር ሲከስም ከደረሰበት ጉዳት በተጨማሪ እስከ 100,000 ዶላር የቅጣት ካሳ ሊወሰንለት ይችላል። የእኛ ሰዎች በሱቃቸው ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ስድብ ከሁሉ አስቀድመው የሚያጠፉት ልጆቻቸው እንዳያዩት ብለው ነው፤ ይህን እረዳዋለሁ። ነገር ግን አንድ ፎቶ ሳይነሣ የጠፋ ጽሑፍ ከሕጉ ሁሉ ጠንካራ የሆነውን ድንጋጌ ይዞት ይጠፋል።

አሁን ከሁሉ ወደማከብረው ክፍል፣ ወደ ካሳው ልምጣ። በፌሎኒ ጉዳይ ጥፋተኛ በተባለ ሰው ላይ የንብረት ጉዳት ካለ፣ የተለየ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ዳኛው ካሳ እንዲከፍል የማዘዝ ግዴታ አለበት። የካሳው መጠን ከፍርዱ ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ፍርድ ቤቱ እስከ ጉዳቱ እጥፍ ድረስ ሊያዝም ሕጉ ይፈቅድለታል። ዕዳውም ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ሊጠየቅ የሚችል ነው። ከዚህም በላይ ተከሳሹ የሚከፍለው ገንዘብ በቅድሚያ የሚሄደው ከሌላ ምንጭ ጉዳቱ ወዳልተካሰለት ተጎጂ ነው። በከተማው ፍርድ ቤት በሚታየው ግሮስ ሚስዲሚነርም ዳኛው ካሳን የፍርዱ አካል አድርጎ ማዘዝ ይችላል። ነጋዴው ለዚህ ሁሉ ጠበቃ አይቀጥርም፣ ፋይል አይከፍትም፤ ዐቃቤ ሕጉ ያቀርብለታል። ከእሱ የሚጠበቀው ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሚላክለትን የጉዳት መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ደረሰኙን አያይዞ በጊዜው መመለስ ብቻ ነው። ያ ፖስታ ማስታወቂያ መስሏቸው ሳይከፍቱ የጣሉት ሰዎች አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከፍርድ ቤት፣ ከካውንቲ ወይም ከከተማ ዐቃቤ ሕግ የመጣ ደብዳቤ በዚያው ዕለት ይከፈት።

የካሳው ድክመት ሁላችሁም የምትገምቱት ነው። ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪ አይገኝም፤ ተገኝቶ ከተፈረደበትም ገንዘብ የሌለው ሰው በየወሩ ጥቂት ዶላር እየከፈለ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። የፍርድ ቤት ካሳ የተሰበረውን መስታወት ነገ ጠዋት አይገጥምም። ስለዚህ ካሳውን መብት አድርጎ መያዝ፣ የኪራይና የደመወዝ ዕቅድ ግን በእሱ ላይ አለመመሥረት ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አገር ቤት ላደገ ሰው ቅርብ የሆነ አንድ መንገድ አለ። የዋሽንግተን ሕግ በሚስዲሚነር ደረጃ ባለ ጉዳይ ተጎጂው በፍትሐ ብሔር ሊጠይቅ የሚችለው መብት ካለውና ለደረሰበት ጉዳት ተክሶ ረክቻለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ቀርቦ ካረጋገጠ፣ ዳኛው ክሱን እንዲዘጋ ይፈቅዳል። በሥራው ላይ ባለ የመንግሥት ሹም ላይ የተፈጸመ፣ በሁከት የተደረገ፣ ፌሎኒ ለመፈጸም የታሰበበት ወይም በቤተሰብ መካከል የሆነ ሲሆን ግን ይህ አይሠራም። ድንጋዩን የወረወረው የሰፈር ወጣት ቢሆንና ቤተሰቡ መጥቶ የመስታወቱን ሙሉ ዋጋ ቢከፍል፣ ነጋዴው ገንዘቡን ወዲያው ያገኛል፣ ልጁም የወንጀል መዝገብ ሳይኖረው ይቀራል። ሽምግልናን የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይህ ድንጋጌ ለማኅበረሰባችን የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይሁን እንጂ ውሳኔው የዳኛው ነው፤ ዕርቁ በፍርድ ቤት በኩል በጽሑፍ መፈጸም አለበት እንጂ፣ ክስ ተመሥርቶ እያለ በጎን ገንዘብ ተቀብሎ «ክሱን ትቻለሁ» ማለት ጉዳዩን አይዘጋም። ከሳሹ መንግሥት ነውና።

አጥፊው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ከሆነ፣ ወላጆቹ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ የንብረት ጉዳት እስከ 5,000 ዶላር ድረስ በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ይሆናሉ። በግለሰብ ስም የሚከስ ሰው በትናንሽ ክሶች ፍርድ ቤት እስከ 10,000 ዶላር፣ በድርጅት ስም የሚከስ ደግሞ እስከ 5,000 ዶላር መጠየቅ ይችላል። ጠበቃ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ያው ደረሰኙ ነው።

በግራፊቲ፣ ማለትም በግድግዳና በመስታወት ላይ ያለ ፈቃድ በሚጻፍና በሚቀባ ነገር፣ ላይ ያለኝ ግምገማ የተቀላቀለ ነው፣ እዚህ ላይ ቅሬታዬም ከባድ ነው። የከተማው የንብረት ማበላሸት ድንጋጌ ያለ ፈቃድ በሌላው ንብረት ላይ መጻፍንና መቀባትን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በካፒቶል ሂል ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ በጠመኔና በከሰል ጽፈዋል ተብለው የታሰሩ ሰዎች ባቀረቡት ክስ፣ በሰኔ 2023 አንዲት የፌዴራል ዳኛ የግራፊቲውን ክፍል ተፈጻሚነት አገደች፤ የዘጠነኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በየካቲት 2024 እግዱን ሻረው። በጠመኔ የተጻፈ የተቃውሞ ቃልና በሱቅ መስታወት ላይ በአሲድ የተቧጨረ ስም አንድ አይደሉም፤ የመናገር ነፃነትን አስመልክቶ የተነሣው ክርክር ክብደት እንዳለው አምናለሁ። በእነዚያ ወራት ግን ከቀለም ጋር ሲታገል የነበረው ትንሹ ነጋዴ መሆኑ በክርክሩ ውስጥ እምብዛም አልተሰማም። በ2025 የከተማው ምክር ቤት በጻፊው ላይ 1,500 ዶላር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ቅጣት የሚጠየቅበትን መንገድ መክፈቱ መልካም ነው፤ በወንጀል ከመክሰስ ቀለል ያለ ማስረጃ የሚበቃው መንገድ ነውና።

ቅሬታዬ በሌላው ወገን ባለው ድንጋጌ ላይ ነው። የከተማው የግራፊቲ ደንብ ንብረቱ የተቀባበት ሰው ቀለሙን እንዲያጠፋ ያስገድዳል፤ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ካላጠፋ በቀን እስከ 100 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። የደንቡ ዓላማ ይገባኛል፤ ሳይጠፋ የቆየ ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይጠራል። ነገር ግን አጥፊው በጣሪያው 5,000 ዶላር፣ ተጎጂውም በጣሪያው 5,000 ዶላር መቀጮ የሚጠብቃቸው መሆኑን ለአንድ ባለ ሱቅ ማስረዳት እጅግ ይከብደኛል። ከተማው ቅጣቱን ይዞ ይቆይ ከተባለ፣ ቢያንስ ሪፖርት ያደረገን አነስተኛ ነጋዴ ከቅጣቱ ነፃ ሊያደርገው ይገባል።

በመጨረሻ ድጎማው። ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2022 በኢኮኖሚ ልማት ቢሮው በኩል የሱቅ ፊት ጥገና ፈንድ ከፍቶ ለተሰበረ መስታወት፣ ለተበላሸ በርና ቁልፍ ለአነስተኛ ነጋዴዎች እስከ 2,000 ዶላር ድጎማ መስጠት ጀመረ። ከዚህ ሁሉ አገልግሎት ውስጥ አጥፊው ሳይታወቅም ለነጋዴው የሚደርስ ይህ ብቻ ነው፤ ለዚህም ከፍተኛውን ነጥብ እሰጠዋለሁ። የኢንሹራንስ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ነጋዴው ከኪሱ የሚሸፍነው) 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሱቅ ለአንድ መስታወት ኢንሹራንስ መጠየቁ ብዙም አይጠቅመውም፤ የክፍለ ግዛቱ የወንጀል ተጎጂዎች የካሳ ፕሮግራምም የአካል ጉዳትን እንጂ የንብረት ጉዳትን አይሸፍንም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የከተማው ድጎማ ብቻ ነበር። ጉድለቱ ቋሚ አለመሆኑ ነው፤ በጀት ሲያዝ ይከፈታል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ይዘጋል። መስታወት የሚሰበረው ግን በበጀት ዘመን አይደለም። የምክር ቤት አባላት ሰፈራችን ለምርጫ ሲመጡ እንጀራችንን በልተው፣ ፎቶ ተነሥተው ከመሄዳቸው በፊት ይህ ፈንድ ቋሚ የበጀት መደብ እንዲሆን በቀጥታ መጠየቅ አለብን።

ድጎማውን ለመጠየቅም ሆነ ካሳ ለመቀበል መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ወጪውን የሸፈነው ማን ነው የሚል ነው። በአብዛኛው የንግድ ቤት ኪራይ ውል ውስጥ መስታወት የተከራዩ ኃላፊነት ነው፤ አንዳንድ ውል ግን ለአከራዩ ይሰጠዋል፣ አንዳንዱም ዝም ይላል። ውሉ ኃላፊነቱን ለአከራዩ የሰጠው ሆኖ ሳለ ተከራዩ ከኪሱ ከከፈለ፣ ተጎጂው እሱ መሆኑን የሚያሳይ የአከራይ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። የንግድ ፈቃዳችሁን፣ የውሉን የመስታወት አንቀጽና የምትሠሩበትን ሱቅ ያልተሰበረ መስታወት የሚያሳይ ፎቶ ዛሬውኑ አንሥታችሁ በስልካችሁ ውስጥ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ የጉዳይ ቁጥሩ፣ የጉዳቱ ፎቶዎችና የተዘረዘረው ደረሰኝ በሚመጡ ጊዜ የሚጨመሩት እዚያው ላይ ነው።